ለመምህርቷ ዋስ የሆንኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ዋሱ ቀረ። ባሕር ዳር ያለው የአጎቷ ልጅ "ሚስቴ አልፈቀደችም" ብሎ ስልኩን ዘጋባት። ወንድ ሲፈራ ሚስቱን ከፊት ያስቀድማል።

ሜሮን የጓሮውን ክፍል ከተከራየችኝ ሦስት ዓመት ሆናት። የድሬዳዋ ልጅ ናት። እዚህ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ልቧ ግን ፈረንሳይኛ ላይ ነው። አባቷ ሥራው በፈረንሳይኛ የሚሄድበት የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበሩና ከልጅነቷ ጀምራ ከእሳቸው ጋር ስትናገረው አድጋለች። የደብረ ታቦርን ብርድ እስከ ዛሬ አልለመደችውም፤ በግንቦት እንኳ ካፖርት ትለብሳለች።

አሁን ፈረንሳይ አገር ሄዳ በፈረንሳይኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ እንድትማር ተቀብለዋታል። ቪዛው ፓስፖርቷ ላይ ተለጥፏል። የቀራት አንድ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲው አስተማሪ ወደ ውጭ ሲልክ "ተምሬ ተመልሼ አገለግላለሁ" የሚል ውል ያስፈርማል፤ ለውሉም ዋስ ይፈልጋል። ዋሱ ደመወዝተኛ ወይም ቤት ያለው ሰው መሆን አለበት። እስከ ዓርብ ካላቀረበች ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ ትምህርቱም ቀረ ማለት ነው።

የጠየቀቻቸው ሰዎች፦

የትምህርት ክፍሏ ኃላፊ። ለሌላ አስተማሪ ዋስ ሆኗል።
የሥራ ጓደኛዋ። ቤቱ በባሏ ስም ነው።
ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ጡረተኛ። "እግዚአብሔር ያውቅልሻል" ብለው መርቀው ሸኟት። ምርቃት ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገር ነው።

እኔን አልጠየቀችኝም። ለምን እንዳልጠየቀችኝ አውቃለሁ። ፊቴ የሚጠየቅ ፊት አይደለም።

ማልቀሷ በግድግዳው ይሰማኝ ነበር።  

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ጠዋት በሯ ላይ ቆሜ "ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?" አልኳት።

"እማማ፣ ቧንቧውን ሳልዘጋ ስለወጣሁ ብቻ አንድ ሳምንት አኮረፉኝ እኮ" አለች።

"ቧንቧና ቤት ይለያያል። ተነሺ፣ ካርታዬን አወጣለሁ።"

አላመነችኝም። እኔም ራሴን አላመንኩትም። ልጅ የለኝ፣ ባሌ ሞቷል፣ ያለኝ ይህ ቤት ብቻ ነው። ለሥጋ ዘመዶቼ የበሩን ቁልፍ እንኳ አልሰጥም። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩን ያመጣው ያ መንገደኛ ይመስለኛል።

አምና ክረምት ነው። ከባድ ዝናብ ይዘንባል፤ ሜሮን እኔ ቤት ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ አንድ አሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ታነባለች። ከብዙ ዘመን በፊት በእኛ አገር በኩል ያለፈ መንገደኛ የጻፈው ነው። "ምን ይላል?" አልኳት። እየተረጎመች ነገረችኝ። ተራራው ላይ በረደኝ ይላል፤ ዝናቡ አላባራም ይላል፤ ሰዎቹ ክፉዎች ናቸው፣ ምግብ ከለከሉኝ ይላል።

"ጠይቆ ነበር?" አልኳት።

ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፣ ወደ ፊት ገለጠች። "መጠየቁን አልጻፈም።"

"እንግዲያው ይዋሻል። እዚህ አገር የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ የቆመን የሚመልስ የለም። ሩቅ ቆሞ ሲያየን ውሎ ከሆነ የራሱ ጥፋት ነው።"

መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "እማማ፣ እኔ ልማረው የምፈልገው ይሄንኑ ነው። እነሱ ስለ እኛ የጻፉትን በራሳቸው ቋንቋ አንብቦ፣ እንዲህ ብሎ መጠየቅ።"

"ለዚህ ዲግሪ ይሰጣሉ?"

"ይሰጣሉ።"

"እንግዲያው ሄደሽ መልሺለት።"

ያን ዕለት በቀልድ ነው ያልኩት። እያደር ግን ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ሞቶ አፈር የሆነ ሰው ላይ ክረምቱን ሙሉ ስናደድ ከረምኩ። ማን መልስ ይስጠው? እኔ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል ለመጨረስ ሁለት ዓመት የፈጀሁ ሴት ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አለምነሽ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈሩን ዞሯል።

"እታለም፣ ለሥጋሽ ያላደረግሽውን ለተከራይ?" አለችኝ።

"ሥጋዬ ምን አደረገልኝ?"

"ባትመለስስ? ፈረንሳይ ሄዶ የተመለሰ ማንን ታውቂያለሽ?"

"ፈረንሳይ የሄደም አላውቅ።"

"ሜዳ ላይ ስትቀሪ እኔ ቤት እንዳትመጪ።"

"አንቺ ቤት ከምመጣ ሜዳው ይሻለኛል።"

ተናዳ ወጣች። ወንፊቱን ረሳችው። ተመልሳ መጥታ ወሰደችው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ዛሬ ነገር አበላሸሁ።

ማዘጋጃ ቤት ሄድን። የዋስትናውን ወረቀት የሚያዘጋጀው ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ብድግ ብሎ ወንበሩን ሰጠኝ። መፈረሚያው ላይ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ፣ አንድም ሳላጎድል። ከመስመሩ ትንሽ ወጥቷል እንጂ ያምር ነበር። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሲያጉረመርሙ ሰማሁ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ልጁ የቤቴን ፋይል አውጥቶ አየ። ደግሞ ፊርማዬን አየ።

"እናቴ፣ እዚህ ያለው አሻራ ነው።"

"ያኔ መጻፍ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ።"

"ደስ ይላል። ግን ፋይሉ ላይ ያለውና አሁን የሚያደርጉት አንድ መሆን አለበት። ወይ አሻራ ያድርጉ፣ ወይ ፊርማ ለመለወጥ ያመልክቱ። ያ ደግሞ ምስክር ይጠይቃል፤ ሦስት ሳምንት ይወስዳል።"

"አሻራ አላደርግም።"

"አሁን እኮ ነው የሚያልቀው፤ ጣትዎን ብቻ" ብሎ የማኅተሙን ቀለም ገፋ አደረገልኝ። ያንን ጥቁር ስፖንጅ ሳይ እጄን ወደ ኋላዬ ሸሸግሁ። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ሜሮን ጃንጥላዬን ይዛ ከኋላዬ እየሮጠች "እማማ፣ ምን ሆኑ?" ትላለች።  ቤቴ እስክገባ አልቆምኩም።

ይህን እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም። አሁን ልጻፈው።

አባቴ የሞተ ጊዜ ወንድሜ ከጉና ተራራ ሥር ካለው ቤታችን ወረቀትና ቀለም ይዞ ወደ እኔ መጣ። "የመሬቱ ግብር ነው፤ አውራ ጣትሽን እዚህ ላይ" አለኝ። ወንድሜ ነው። አደረግሁ። በእርሻ ወራት ድርሻዬን ላሳርስ ብሄድ ገበሬዬን ከማሳው መለሰው። ሽማግሌ ፊት ቆምን፤ ወረቀቱ ተነበበ። "ድርሻዬን በፈቃዴ ለወንድሜ ለቅቄያለሁ" ይላል። ከሥሩ የእኔ ጣት አለ። የገዛ ጣቴ መሰከረብኝ። ያ ገብስ የሚበቅልበት መሬት እስከ ዛሬ በእጁ ነው።

ባሌን ፊደል ልማር ብዬ ብጠይቀው "ሴት ፊደል ቆጥራ ጳጳስ አትሆን" አለኝ። እሱ ከሞተ በኋላ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ስሜን መጀመሪያ የጻፍኩ ዕለት፣ ይህን ጣት ሁለተኛ ቀለም አላስነካውም ብዬ ማልሁ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁ።

እና አሁን ለሌላ ሰው ብዬ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ቀኑን ሙሉ ዘነበ።

ሜሮን ጠዋት መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ጣት ብቻ እኮ ነው አላለችኝም። እንዲያ ብትል ኖሮ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። "ወንድምዎ ድሬዳዋ ቢሆን ኖሮ ስሙን ቀምተው ቅጽል ስም ያወጡለት ነበር" አለች።

"ምን ብለው?"

"አውራ ጣት።"

ሳልወድ ሳቅሁ። "አቶ አውራ ጣት" እያልን ጥቂት ተሳሳቅን።

ከዚያ "ይቅር እማማ፤ ሌላ ዓመት እሞክራለሁ" ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። ሌላ ዓመት እንደማይኖር እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ቦታውን ለማግኘት ሁለት ዓመት ነው የጻፈችላቸው።

ምሳ ልሠራ ስል በግድግዳው በኩል አንድ ነገር ጓ ሲል ሰማሁ። ዝም። ደግሞ ጓ። ምንድን ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። መጻሕፍቷን ከሻንጣዋ እያወጣች ወደ መደርደሪያው እየመለሰች ነው። አንድ በአንድ። ሰባተኛው ላይ ሽንኩርቱን እሳት ላይ ትቼ ተነሣሁ። በዝናቡ ውስጥ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ነጠላ ሳልደርብ።

"ሻንጣ ፍቺ ማን አለሽ?"

"እማማ፣ ዝናብ መታዎት እኮ።"

"ሻንጣው ውስጥ መልሺያቸው። ሁሉንም። ነገ በጠዋት እንሄዳለን።"

"መሐላዎስ?"

"መሐላዬ የእኔ ነው፤ አንቺ መጽሐፍሽን መልሺ።"

ሽንኩርቱ አረረ። በዳቦ ብቻ ምሳ በላን፤ እሷ ከሳቅ መብላት አልቻለችም፤ እኔም ትንሽ።

እንዴት እንደማደርገው ግን ገና አላወቅሁም። ጣቴን ሳየው እስከ አሁን ይቀፈኛል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

የማዘጋጃ ቤቱ በር ሲከፈት ደረስን። ያ ልጅ ሲያየኝ ፈገግታውን ዋጠ።

"መጡ እናቴ?"

"መጣሁ። ወረቀቱን አምጣ።"

"ጣትዎን እዚህ ታች ላይ..."

"መጀመሪያ አነበዋለሁ።"

"አራት ገጽ ነው። ወረፋውን ያዩታል..."

"አይቼዋለሁ። ከእነሱ በፊት ጀምሬ ወረፋ ላይ ነኝ።"

ተቀመጥኩና መነጽሬን አደረግሁ። እኔ በልቤ ማንበብ አልችልም። ድምፄን ካልሰማሁት ቃሉ አይገባኝም፤ ስማርም እንዲያ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ቢሮው ሁሉ እየሰማኝ አንድ ሁለት ብዬ ጀመርኩ። የሕግ አማርኛ ጠጠር የበዛበት ምስር ነው፤ እየለቀሙ ነው የሚበሉት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ከኋላ አንድ ጎረምሳ "እማማ፣ ዳዊት እየደገሙ ነው እንዴ?" አለ።

"ዳዊት ብደግም መች ትመጣ ነበር" አልኩት። ወረፋው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ያዳምጡኝ ጀመር።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። ግዴታ የገባችው በተባለው ጊዜ ተመልሳ ካላገለገለች፣ የዋሱ ቤት ተሽጦ ለትምህርቷ የወጣው ይከፈላል ይላል። ቆምኩ። ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት።  ሜሮን የነጠላዬን ጫፍ ይዛ "እማማ፣ ይተዉት። የእውነት ይተዉት" አለችኝ። 

ልጁ "ገባዎት?" አለ።

"ገብቶኛል።"

አራተኛውን ገጽ ጨረስኩ። ማኅተምና ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም አነበብኩ። ከዚያ "ቀለሙን አምጣ" አልኩት።

አውራ ጣቴን ነከርኩና አሳረፍኩ። ጠንከር አድርጌ። የዛሬው ጣት ምን ላይ እንዳረፈ ያውቃል። ደግሞ እስክሪብቶ ተቀብዬ ከጎኑ ስሜን ጻፍኩ።

"ስሙ አያስፈልግም ነበር እኮ" አለኝ።

"ለአንተ አያስፈልግም።"

ሜሮን ወረቀቱን ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲው በረረች። እኔም ልወጣ ብድግ ስል እርጥብ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ። ከጉና በኩል በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጭቃው እስከ ባታቸው ደርሷል። "እህቴ፣ የእኔንም እንዲያው ጮክ አድርገሽ አንብቢልኝ" አሉኝ። ሁለት ገጽ ነው፤ ስለ ቦታቸው ወሰን የተጻፈ። አነበብኩላቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። እስከ ወንዙ ነው የሚለው ወይስ እስከ ዋርካው?"

"እስከ ዋርካው።"

"የነገሩኝ እስከ ወንዙ ብለው ነው።" ወረቀቱን አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ጣታቸውን አላሳረፉም። "እግዜር ይስጥሽ" ብለው ወጡ፤ ገና እየዘነበ ነበር።

ቆሜ አየኋቸው። 

ከእሳቸው በኋላ ሌላ ሴት። ከዚያ ባልና ሚስት። ያ ዳዊት ያለኝ ጎረምሳም የእናቱን ወረቀት ይዞ መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ። "አንተ ማንበብ አትችልም?" ብዬ ስጠይቀው "እችላለሁ፤ እናቴ ግን እርስዎ ሲያነቡት ትስማ ብዬ ነው" አለ። ቢሮው ለምሳ እስኪዘጋ አነበብኩ። ጾም ነው፤ ውኃም አልቀመስኩ፤ ረኃብ የሚባል ትዝ አላለኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ስመለስ ሜሮን መንገድ ላይ አገኘችኝ። ፈቃዱ ተፈርሟል፣ ታትሟል። ሰው በሞላው መንገድ ላይ አንገቴን አቅፋ አልለቅም አለች። "ነጠላዬን አረጠብሽው" አልኳት። ዝናብ ግን ካቆመ ቆይቷል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ተክለ ሃይማኖት ነው። አስቀድሰን ስንመለስ አለምነሽ በር ላይ ቆማለች፤ አንድ ከረጢት በሶ ይዛለች። "ለልጅቷ ነው፤ ለአንቺ አይደለም" አለችኝ። "ለእኔ ቢሆንማ አልበላውም ነበር" አልኳት። ታረቅን ማለት ነው።

የሚኒባስ ሾፌሩ መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው ስላለ ከቀትር በፊት ተነሣን። መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ አድረን፣ ሜሮን ነገ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ፈረንሳይ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ያየኋትን ልጅ አንድ ቀን ሳላሞቃት አልሰዳትም ብዬ ሐሙሲት ላይ ሌላ መኪና ይዘን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድኳት።

ውኃው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ጮኸች። ከዚያ እስከ አንገቷ ሰጥማ ዓይኗን ጨፈነች። "እማማ፣ ይህን ለምን እስከ ዛሬ ደበቁኝ?"

"አልጠየቅሽኝም።"

የሴቶቹ መታጠቢያ ሞልቷል። የወገብ በሽተኛ፣ አራስ፣ የጉልበት በሽተኛ፣ በሽታ የሌለባትም ለወሬ። ሜሮን ሙቀቱ ራሷ ላይ ወጣ መሰለኝ በፈረንሳይኛ ግጥም ማለት ጀመረች።

አንዲት የደራ አገር ሴት "ይቺ ልጅ ምን ይዟት ነው?" አለችኝ። ጠበል መስሏታል፤ ጋኔን ተነሣ ብላ ራቅ ብላለች።

"ፈረንሳይኛ ይዟት ነው።"

"ይለቃል?"

"ሊያስተምሯት ሁለት ዓመት ይወስዷታል።"

"ጉድ ነው። እኛ ለማስለቀቅ እንመጣለን፣ እሷ ለማስያዝ ትሄዳለች።"

ውኃው በሳቅ ተናወጠ። "ትርጉሙን ንገሪን" አሏት። ነገረቻቸው፤ ስለ መኸር ዝናብና ስለ ተለየ ወዳጅ ነው። አራሷ "ይሄንማ እኛም እናውቃለን" ብላ ከራሷ አገር አንድ እንጉርጉሮ ጨመረችበት። ሜሮን ደብተር የለኝም እያለች ስትጨነቅ እርጥብ ክንዷ ላይ በጣቷ ትጽፍ ነበር።

እኔ መቼ እንዲህ እንደሳቅሁ አላስታውስም። ምናልባት አልሳቅሁም።

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ሐሙሲት መናኸሪያ። የባሕር ዳር ሚኒባስ አንድ ሰው ቀርቶት ረዳቱ ይጮኻል። ያ አንድ ሰው እሷ ናት።

ሻንጣውን ላይ ጫኑት። ሜሮን እጄን ይዛ "እማማ፣ እምላለሁ፣ ሁለት ዓመት ስጨርስ..." ስትል አቋረጥኳት።

"አትማዪልኝ። ተማሪ።"

"ቤትዎን..."

"ቤቴን አንብቤ ነው የሰጠሁት። አንቺ ያንን መንገደኛ እንዳትለቂው። መጠየቁን ይጻፍ አይጻፍ ደህና አድርገሽ እዪው፤ ምናልባት ያላየነው ገጽ ይኖራል። እውነት ካለው እውነቱን ስጪው።"

ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ረዳቱ "እመቤት፣ እንሂድ በቃ" አለ። "ዝም በል፣ ተማሪ እየሸኘሁ ነው" አልኩት። ጉልበቴን ሳመች። ሄደች።

ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ከጎኔ የተቀመጡ ሰውዬ "ልጅዎ ናት?" አሉኝ። "ዋሷ ነኝ" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከልጅ የሚበልጥ ነገር የሰሙ ይመስል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሜሮን ስልክ ደውላ ደህና ገባሁ አለች፤ ባሕር ዳር ይሞቃል አለች። አለምነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "እንግዲህ አሁን መቆጨት ትጀምሪያለሽ" አለችኝ። ልማዴን ስለምታውቅ ነው። እኔ የሰጠሁት ነገር ሁሉ ይቆጨኛል፤ አንድ ጣሳ ጨው እንኳ።

እውነቷን ይሆናል ብዬ ደጃፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ጸሐይ እስክትጠልቅ ቁጭቱን ጠበቅሁት። ትመለስ ይሆናል፤ ላትመለስም ትችላለች። ሁለቱንም አንድ በአንድ አሰብኩ። ሆዴን ዳሰስኩ።

ቁጭቱ አልመጣም። ጉሙ ሲወርድ ብርዱ አስገባኝ። ነገ ደግሞ እጠብቀዋለሁ።